ቸርችል ጎዳና ያለው የድሮ ጌም ሱቅ፦ ከካሴቱ ጋር የሠዓሊውን ስም የሚሰጥ ቤት

ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ዋናው ፖስታ ቤት በሚወርደው ቸርችል ጎዳና፣ ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ብሎ ባለ አንድ ያረጀ ፎቅ ሥር፣ የድሮ የቪዲዮ ጌም ማሽኖችንና ካሴቶችን የሚገዛ፣ የሚሸጥና የሚጠግን ጠባብ ሱቅ አለ። ስሙን የሚናገር ሰሌዳ አልተሰቀለበትም፤ በመስታወቱ ላይ በቀይ ቀለም «የድሮ ጌም ይጠገናል» የሚል ጽሑፍ ብቻ ይነበባል። ባለፉት ሦስት ወራት አምስት ጊዜ ተመላልሼ አንድ ማሽን አስጠግኜበታለሁ፣ ሦስት ካሴቶች ገዝቼበታለሁ፣ ከካሴቶቹ በአንዱ ምክንያትም ከባለቤቱ ጋር ተነጋግሬ የገንዘቤን ከፊል ተቀብያለሁ። በሙያዬ የሕንፃ ንድፍ ነዳፊ ነኝ፤ የድሮ ጌም መሰብሰብ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት በመርካቶም በሌሎች ሰፈሮችም የድሮ ጌም የሚሸጡ ብዙ ሰዎችን አይቻለሁ፤ በካሴቱ ውስጥ ላለው ሥዕል የዚህን ሱቅ ያህል የሚጨነቅ ግን አላጋጠመኝም።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከመደርደሪያው ነው። በእያንዳንዱ ካሴት ላይ በነጭ ክር የታሰረች፣ የመጫወቻ ካርታ የምታህል ወፍራም ወረቀት አለች። በወረቀቷ ላይ የጌሙ ስም፣ የወጣበት ዓመት፣ የሚሠራበት ማሽንና ዋጋው በእጅ ተጽፏል፤ ከእነዚህ ሥር ደግሞ «ሥዕል» ከሚለው ቃል ቀጥሎ የሠዓሊው ስም ይገኛል። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ እኔም ስለ ጌሞቹ ስጽፍ የምከተለው ይህንኑ ነው።) በ«ድራጎን ኩዌስት» ካሴት ላይ 1986 ከሚለው ዓመት ሥር «አኪራ ቶሪያማ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከስሙ ጎንም ሠዓሊው በ2024 ማረፉ ተመልክቷል። በ1987 በወጣው «ፋንታሲ ስታር» ላይ ያለችው ወረቀት ደግሞ «ሪኤኮ ኮዳማ፤ በጌሙ ውስጥ ‹ፊኒክስ ሪኤ› የተባለችው» ትላለች። ካሴት ለመግዛት ገብቶ ቆሞ የሚያነብ ሰው በሱቁ ውስጥ ሁልጊዜ አይጠፋም።

ይህ ለእኔ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ ለማስረዳት በልጅነቴ ወደምሄድበት ጌም ቤት መመለስ ይኖርብኛል። በ1990 ዓ.ም. ገደማ በሰፈራችን ከጆተኒ መጫወቻው ጎን፣ በቆርቆሮ ከተሠራች አንዲት ክፍል ውስጥ ሁለት ቴሌቪዥኖችና ሁለት ማሽኖች ነበሩ። ካሴቶቹ በአንዱ ውስጥ ብዙ ጌም የታጨቀባቸው ኮፒዎች ነበሩ፤ ዝርዝራቸው ላይ የሚታየው ቁጥር መቶና ሺህ ይደርሳል፤ ሲከፈቱ ግን ያው ጥቂት ጌም በተለያየ ስም እየተደጋገመ ይመጣል። ኮፒ የሠሩት ሰዎች ከመክፈቻው ገጽ ላይ የባለቤቱን ስም ብዙ ጊዜ ፍቀው ያወጡት ስለነበር የሠዓሊው ስም ይቅርና የኩባንያው ስም እንኳ አይደርሰንም ነበር። እኛም ጌሞቹን የምንጠራው ራሳችን ባወጣንላቸው ስም ነበር። እነዚያን ደመናዎች፣ እነዚያን ጡቦች፣ ያንን ባለ ጢም ሰው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሥሏቸዋል ብሎ ያሰበ ልጅ በመካከላችን የነበረ አይመስለኝም፤ ማሽኑ ራሱ የሚያወጣቸው ይመስለን ነበር።

የሠሪውን ስም መሸሸግ ግን የኮፒ ሠሪዎች ፈጠራ አልነበረም፤ ከምንጩ የተጀመረ ነው። አሜሪካዊው የጌም ኩባንያ አታሪ ጌሞቹን የሚሠሩለትን ሰዎች ስም አያወጣም ነበር፤ በ1979 አራት ፕሮግራመሮች ከዚያ ወጥተው አክቲቪዥን የተባለውን የጌም ኩባንያ በማቋቋሙ ሥራ ሲሳተፉ አንዱ ምክንያታቸው ይኸው ነበር። አታሪ በ1980 ባወጣው «አድቬንቸር» በተባለው ጌም ውስጥ ደግሞ ፕሮግራመሩ ዋረን ሮቢኔት የገዛ ስሙን በአንድ ስውር ክፍል ውስጥ ደብቆ አስቀመጠው፤ የሥራ ኃላፊዎቹ ሳያውቁ ካሴቱ ገበያ ላይ ዋለ። በጃፓን ደግሞ ተፎካካሪ ኩባንያዎች ጎበዝ ሠራተኞችን እንዳይወስዱባቸው በመሥጋት በጌሙ መጨረሻ ላይ የሚወጡት ስሞች የቅጽል ስሞች እንዲሆኑ ይደረግ ነበር። ኮዳማ «ፊኒክስ ሪኤ» የሆነችው በዚህ ምክንያት ነው፤ በ1991 የወጣውን «ስትሪት ፋይተር 2» ገጸ ባሕርያት የነደፈው አኪራ ያሱዳም «አኪማን» በሚለው ስም ይታወቃል። ስለዚህ በነጭ ክር የታሰረችው ወረቀት የምታደርገው ነገር ቀላል አይደለም፤ በጃፓንም በእኛ ጌም ቤትም የተሰወረውን ስም ወደ ካሴቱ ትመልሳለች።

የሱቁ ሁለተኛ ብልጫ መሞከሪያው ነው። ከጀርባ ባለችው ክፍል ጀርባቸው ወፍራም የሆኑ ሦስት የድሮ ቴሌቪዥኖች ተደርድረዋል፤ ከጎናቸው አንድ ፍላት ስክሪን አለ። ባለቤቱ ማንኛውንም ካሴት ከመሸጡ በፊት በሁለቱም ዓይነት ላይ ያሳያል። የሴጋ ኩባንያ በሠራው «ሶኒክ» ላይ ያሳየኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። በ1991 የወጣው የመጀመሪያው ሶኒክ መነሻው ላይ አረንጓዴ ኮረብታና ፏፏቴ አለ። በፍላት ስክሪኑ ላይ ያ ፏፏቴ እንደ መጋረጃ የተንጠለጠሉ ቀጫጭን ቋሚ መስመሮች ሆኖ ይታያል፤ በመስመሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ለዓይን ይጎረብጣል። በድሮው ቴሌቪዥን ላይ ግን ያ ሁሉ ክፍተት ጠፍቶ ከኋላው ያለውን ገደል የሚያሳልፍ ጥርት ያለ ውሃ ይሆናል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ይህ ጌም የሚሠራበት የሴጋ ማሽን በአንድ ጊዜ ማሳየት የሚችለው በአብዛኛው 61 ቀለሞችን ሲሆን፣ እነሱንም የሚመርጠው ከ512 ቀለሞች ነው፤ አንዱን ሥዕል በሌላው ውስጥ አሳልፎ በከፊል የማሳየት ችሎታም አልነበረውም። ሠዓሊዎቹ ታዲያ በማሽኑ የማይሆነውን በቴሌቪዥኑ አስደረጉት። ምስሉን ከማሽኑ ወደ ቴሌቪዥኑ የሚያደርሰው ቢጫ ገመድ ጎን ለጎን ያሉትን ነጥቦች አንዱን በሌላው ላይ ስለሚያፈስ፣ አንድ መስመር ውሃ፣ አንድ መስመር ባዶ እያደረጉ ሣሉት፤ ቴሌቪዥኑም አቀላቅሎ አንድ አደረገው። ሥዕሉ የተሟላው በካሴቱ ውስጥ ሳይሆን በመስታወቱ ላይ ነበር ማለት ነው። የድሮ ጌም የሚሰበስብ ሰው በቤቱ ጥግ ለአንድ ወፍራም ቴሌቪዥን ቦታ ማግኘት እንዳለበት ለባለቤቴ ለማስረዳት ከአንድ ዓመት በላይ ደክሜ ነበር፤ እዚህ ይዣት መጥቼ ፏፏቴውን ካየች በኋላ ግን ነገሩ በአንድ ቀን አለቀ።

እዚያው ክፍል ውስጥ ሌላም ነገር ገረመኝ። የሶኒክ ሙዚቃ ከማስታውሰው ይልቅ ፈጠነብኝ። ባለቤቱን ስጠይቃቸው፣ በልጅነቴ የተጫወትኩበት ማሽን ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ ሳይሆን እንደማይቀር ነገሩኝ። የአውሮፓው ማሽን በሴኮንድ 50 ጊዜ፣ የጃፓኑና የአሜሪካው ደግሞ 60 ጊዜ ምስል ያወጣል፤ ጌሙ ለአውሮፓው ታስቦ ካልተስተካከለ ሩጫውም ሙዚቃውም ወደ 17 በመቶ ይዘገያል። ከሃያ አምስት ዓመት በላይ በልቤ የያዝኩት ዜማ የተጎተተው ነበር ለካ።

የሶኒክን ካሴት በዚያው ቀን በ2,900 ብር ገዛሁ፤ ነገር ግን በወረቀቷ ላይ ስሕተት ነበር። «ሥዕል» በሚለው ስፍራ «ዩጂ ናካ» ተብሎ ተጽፏል። ናካ የጌሙ ፕሮግራመር ነው፤ ዋናውን ገጸ ባሕሪ፣ ሰማያዊውን ጃርት፣ የሣለው ናኦቶ ኦሺማ ሲሆን፣ መንገዶቹንና ውጣ ውረዶቹን የነደፈው ሂሮካዙ ያሱሃራ ነው። እንዲህ ያለው ስሕተት ብዙ ጊዜ ይፈጸማል፤ ዝነኛ የሆነው ሰው ሁሉንም የሠራ ይመስላል። ለባለቤቱ ስነግራቸው መነጽራቸውን አድርገው ከአንድ ያረጀ ደብተር ጋር አመሳከሩና ወረቀቷን ቀድደው ሌላ ጻፉ። በሚቀጥለው ጊዜ ስመለስ በሌሎቹም የሶኒክ ካሴቶች ላይ ያሉት ወረቀቶች ተለውጠው ነበር። ስሕተት መኖሩን ሳልሸሽግ የምጽፈው፣ ማረሚያው የፈጠነበት ሱቅ ሊመሰገን ይገባዋል ብዬ ስለማምን ነው።

ሁለተኛው ካሴቴ በ1985 የወጣው «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» ነው። ይህን ጌም በኮፒ ያልተጫወተ የእኔ ዕድሜ ሰው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ስለ ጨዋታው አልናገርም። ባለቤቱ ግን ከካሴቱ ጋር በግራፍ ወረቀት ላይ የተሳለ ማሪዮ ሰጡኝ፤ አንድ ነጥብ ለአንድ ካሬ ተቆጥሮ፣ ከ16 በ16 ካሬ ውስጥ። ለነዳፊ ሰው ከዚህ የበለጠ ማብራሪያ የለም። በዚያ መጠን ከንፈርና አፍ መሳል ስለማይቻል ጢም ተደረገለት፤ ፀጉሩ በሩጫ ጊዜ እንዲንቀሳቀስ ማድረግ ስለሚያስቸግር ቆብ ተደፋለት፤ የእጁ እንቅስቃሴ ከሰውነቱ ተለይቶ እንዲታይ ደግሞ የሠራተኛ ቱታ ለበሰ። ይህ የሆነው አስቀድሞ በ1981 በ«ዶንኪ ኮንግ» ነው፤ የሣለው ሺገሩ ሚያሞቶ በካናዛዋ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ የኢንዱስትሪ ዲዛይን የተማረ ሰው ነበር። በ1985ቱ ጌም ለአንድ ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚፈቀዱት ቀለሞች ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ለጠቅላላው የጌሙ ሥዕል የተተወው ቦታ ደግሞ 8 ኪሎባይት ነበር። ከላይ ያለው ደመናና ከታች ያለው ቁጥቋጦ አንድ ዓይነት ሥዕል መሆናቸውን፣ አንዱ ነጭ ሌላው አረንጓዴ ተደርጎ መቀባቱን ያወቅሁት በዚህ ሱቅ ቆሜ ነው። በልጅነቴ ስንት ሺህ ጊዜ በሥራቸው እንዳለፍኩ ሳስብ ዓይኔን አላመንኩትም።

የግራፍ ወረቀቷን ይዤ ስወጣ የመጣብኝ ሽሮ ሜዳ ነው። እናቴ ለእህቴ ሠርግ ጥበብ ቀሚስ ስታሠራ ሸማኔው ጋ አብሬያት እሄድ ነበር። ሸማኔው የጥለቱን መስቀል የሚያወጣው በእጁ ሥሎ ሳይሆን ድሩን ቆጥሮ ነው፤ ይህን ያህል ክር አንሥቶ፣ ይህን ያህል አሳልፎ፣ ማጉን ይወረውራል፤ አንድ ክር ቢሳሳት መስቀሉ ይጣመማል። ክብ ነገር በድርና በማግ እንደማይወጣ ስለሚያውቅ ክቡን በደረጃ ይሰብረዋል። የጌም ሠዓሊው ሥራም ከዚህ አይለይም። ሁለቱም የሚሠሩት በካሬ ላይ ነው፤ ሁለቱም የሚቆጥሩ እጆች ናቸው። የጥለት ሥራ ያየ የኢትዮጵያ ሰው የ1980ዎቹን የጌም ሥዕል «ድፍን ያለና ያልዳበረ» ብሎ ሊንቀው የሚችል አይመስለኝም።

ይህ ሐሳብ ሦስተኛውን ካሴት እንድገዛ አደረገኝ። በ1987 የወጣው የመጀመሪያው «ፋይናል ፋንታሲ» በ3,800 ብር ቀርቦ ነበር። ጽሑፉ በሙሉ ጃፓንኛ ስለሆነ ልጫወተው አልችልም፤ ቢሆንም ለሥዕሉ ብዬ ወሰድኩት። ወረቀቷ ላይ «ዮሺታካ አማኖ» የሚል ስም ብቻ ነበር። ትክክል ነው፤ አማኖ የጌሙን ገጸ ባሕርያትና አውሬዎች በቀጭን መስመርና በስስ ቀለም ነድፏቸዋል፤ ሥዕሎቹም በዓለም ዙሪያ የታወቁ ናቸው። ይሁን እንጂ በቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየው የአማኖ መስመር አይደለም። ያንን እንደ ጭስ የሚንሳፈፍ ሥዕል ወስዳ፣ በጌሙ ውስጥ በሚደረገው ውጊያ ጊዜ 16 በ24 ነጥብ በሆነች ስፍራ ውስጥ ተዋጊውንም ጠንቋዩንም እንዲለዩ አድርጋ የሠራቻቸው ካዙኮ ሺቡያ ናት። ጥቁሩ ጠንቋይ ፊቱ ጨለማ፣ ዓይኖቹ ሁለት ብርሃን፣ ባርኔጣው ቢጫ ሆኖ እስከ ዛሬ በሰው አእምሮ የቀረው በእሷ ቆጠራ ነው። ንድፍ አምጪው አንድ ሰው ነው፤ ድሩን የቆጠረው ሌላ ሰው ነው።

ይህን ለባለቤቱ ስናገር ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም «የኔ ልጅ፣ እኔ በወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ብቻ ነው የተውኩት» አሉኝ። «ጋሼ፣ ሁለተኛ መስመር ቢጨምሩበትስ?» አልኳቸው። «ታዲያ ማን ማንን እንደሣለ እንዴት አውቃለሁ? የማላውቀውን አልጽፍም» ብለው መለሱልኝ። መልሳቸው የሚያስከብር ነው፤ ግን የሱቁ ትልቁ ጉድለት ያለበትም ስፍራ ይኸው ነው። በብዙዎቹ ወረቀቶች ላይ የሚገኘው የሳጥኑን ሥዕል የሣለው ወይም ገጸ ባሕሪውን የነደፈው ዝነኛ ሠዓሊ ነው፤ ነጥብ በነጥብ የሠሩት ሰዎች ስም፣ ከእነሱም መካከል የነበሩት ሴቶች ስም፣ ገና አልገባም።

ወደ ጥገናው ልለፍ። ያስጠገንኩት ማሽን የኒንቴንዶው ፋሚኮም ነው፤ በጃፓን በ1983 የወጣው፣ ነጭና ቀይ የሆነው፣ ጆይስቲኮቹ ከአካሉ የማይነቀሉት። አንድ ዘመዴ ከጃፓን አምጥቶልኝ ከዚህ በፊት በሌላ ሰፈር ያለ አንድ ሻጭ «ቀጥታ ሰካው፣ ምንም አይሆንም» ስላለኝ ሰካሁት። የጃፓን መብራት 100 ቮልት፣ የእኛ 220 ቮልት መሆኑን ማወቅ ነበረብኝ፤ አዳፕተሩ በሴኮንዶች ውስጥ ሸተተ፣ ማሽኑም ጠፋ። ከሁለት ዓመት በላይ በሳጥን ውስጥ አስቀምጬው ነበር።

ባለቤቱ ከፊቴ ከፈቱትና መብራቱን ወደ 5 ቮልት የሚያወርደው ቁራጭ መቃጠሉን፣ ሌላው ግን መትረፉን አሳዩኝ። ቁራጩን ቀየሩ፤ ያበጡትን ካፓሲተሮችም አብረው ለወጡ። የፋሚኮም ምስል የሚወጣው በጃፓን ቴሌቪዥን ጣቢያ ሞገድ ስለሆነ እዚህ ለመያዝ ያስቸግራል፤ እሳቸው ታዲያ የቢጫና የነጭ ገመድ መውጫ ሠሩለት። ቀዳዳውን ከኋላ በኩል ስለከፈቱት መልኩን አላበላሸውም፤ በዚህ ስለተጠነቀቁ አመሰግናቸዋለሁ። ከእሱ ጋር የሸጡልኝ አዳፕተር ላይ ስለ አንድ ነገር ደጋግመው አስጠነቀቁኝ፤ የፋሚኮም አዳፕተር መሰኪያ ጫፍ መካከሉ ኔጌቲቭ ነው፤ በገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጡት ብዙዎቹ ደግሞ በተቃራኒው ናቸው፤ ጫፉ ስለገባ ብቻ መሰካት የለበትም። እንዲሁም ቴሌቪዥኑ የጃፓኑን የቀለም ሥርዓት የማይቀበል ከሆነ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ እንደሚወጣ፣ ይህም የማሽኑ ጥፋት እንዳልሆነ ነገሩኝ። ለሁሉም 1,900 ብር ከፍያለሁ። ሥራው ንጹሕ ነው፤ እስከ ዛሬም ያለ እንከን ይሠራል።

ካሴት ሲሸጡም ይከፍታሉ። የሴጋ ካሴት ቡሎን በተራ ካቻቢቴ የማይፈታ 3.8 ሚሊሜትር የሆነ ልዩ አናት አለው፤ መፍቻውን ከመሳቢያ አውጥተው ቦርዱን ያሳያሉ። ኦርጅናሉ ላይ እግሮች ያሉት ቺፕ ተበይዶ ይታያል፤ ርካሹ ፎርጅድ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እንደ ቀለጠ ሬንጅ ያለ ጥቁር ጠብታ ነው። ኮፒም ይሸጣሉ፤ ከ400 እስከ 600 ብር፣ ነገር ግን በተለየ መደርደሪያ፣ «ኮፒ» ተብሎ ተጽፎበት ነው። ካሴቱ አልነሣ ካለ በአፍ እፍ እንዳንል በግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ የትንፋሽ እርጥበት የመዳብ ጥርሶቹን ያበላሻቸዋልና። ማጽጃ አልኮልና ጥጥ በቂ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። የሶኒክን ካሴት ቤቴ ወስጄ በሥራ መነጽሬ አጉልቼ ሳየው የላዩ ሥዕል ኦርጅናል እንዳልሆነ ገባኝ። የዚያ ዘመን የማተሚያ ቤት (ኦፍሴት) ኅትመት የቀለም ነጠብጣቦቹ በሥርዓት የተሰለፉ ናቸው፤ ይህኛው ግን እንደ ተረጨ ብናኝ የተበተነ የቤት ፕሪንተር ሥራ ነበር። ውስጡን ከፊቴ ስለከፈቱ ውጩን አልተጠራጠርኩም። ይዤው ስመለስ ሰበብ አላበዙም፦ «ውስጡ ኦርጅናል ነው። ልብሱ ተቀዳዶ ስለመጣ አዲስ አለበስኩት።» እኔም «ጋሼ፣ ማልበሱ ክፋት የለውም፤ ወረቀቷ ላይ ግን አልተጻፈም» አልኳቸው። 600 ብር መለሱልኝ፤ በወረቀቷም ላይ «ልጥፉ አዲስ» ብለው ጻፉ። በኋላ ስሄድ ይህ ቃል በሰባት ካሴቶች ላይ ተጨምሮ አየሁ፤ ሆኖም ገና ያልተጻፈባቸው ሁለት ሦስት መኖራቸውን በዓይኔ አረጋግጫለሁ። የሠዓሊ ስም የሚያስከብር ቤት የትኛው ሥዕል ከዚያ ዘመን እጅ የመጣ፣ የትኛው ከትናንት ፕሪንተር የወጣ መሆኑን በሁሉም ላይ መጻፍ አለበት። የሚገዛ ሰው እስከዚያ ድረስ ማጉያ መነጽር ይዞ ቢሄድ ወይም በቀጥታ ቢጠይቅ ይሻለዋል፤ ሲጠየቁ እውነቱን ይናገራሉ።

ሌሎቹ ጉድለቶች ቀለል ያሉ ናቸው። ደረሰኝ የሚሰጠው ሲጠየቅ ነው። ጥገና ከተባለው ቀን ብዙ ጊዜ በሁለትና በሦስት ሳምንት ያልፋል። መብራት ሲጠፋ መሞከር ስለማይቻል መጠበቅ ወይም ሳይሞክሩ መግዛት ግድ ይሆናል፤ ሁለተኛውን አልመክርም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክፍሏ ስለምትጨናነቅ ማሽን ለማስጠገን የሚሄድ ሰው ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ጠዋት ቢመርጥ በእርጋታ ይስተናገዳል።

በአራተኛው ጉብኝቴ ከአምስት ኪሎው አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የመጣች አንዲት ተማሪ በመሞከሪያው ክፍል ተቀምጣ የ«ሜታል ስላግ»ን ታንክ ነጥብ በነጥብ በደብተሯ ትገለብጥ ነበር። በ1996 የወጣው ያ ጌም በእጅ የተሠራ እንቅስቃሴ የሞላበት ነው፤ ታንኩ ሲቆም ይንቀጠቀጣል፣ ሲዘል ይለጠጣል። ባለቤቱ ምስሉን እያቆሙላት፣ እሷ ስትጨርስ እያንቀሳቀሱላት ከአንድ ሰዓት በላይ ቆዩ፤ ምንም አላስከፈሏትም። ሌላ ደንበኛ ካሴት ልግዛ ብሎ ቢመጣ «ትንሽ ታገሠኝ ወንድሜ፣ እየሣለች ነው» አሉት፤ ሰውየውም ቆሞ ጠበቀ።

ባለፈው ሳምንት አምስተኛ ጊዜ የሄድኩት ጌም ቦይ የተባለውን በእጅ የሚያዝ መጫወቻዬን ለማስጠገን ነበር። በ1989 የወጣው ያ ማሽን አራት የግራጫና የአረንጓዴ ድምቀቶች ብቻ ያሉት 160 በ144 ነጥብ የሆነ መስታወት አለው፤ የእኔው በመስታወቱ ላይ ቋሚ መስመሮች ጠፍተውበታል። ከመስታወቱ ሥር ያለው ስስ ገመድ በሙቀት ዳግም ሲጣበቅ እንደሚመለስ ነግረውኝ እስከ መስቀል ማግስት ቀጠሩኝ። ለመሞከሪያ ብለው ከመደርደሪያው ያወረዱት ካሴት በ1996 የወጣው «ፖኬሞን» ነበር። ወረቀቷ አዲስ ነበረች፤ ከሌሎቹ ሰፋ ያለች፣ ቀለሟም ገና ያልደበዘዘ። «ሥዕል» በሚለው ስፍራ በመጀመሪያው መስመር «ኬን ሱጊሞሪ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ በሌላ መስመር «አትሱኮ ኒሺዳ፤ ፒካቹን የነደፈችው» ይላል፤ ከዚያ በታች ሌላ መስመር ተሰምሮ ባዶውን ተትቷል።